«ሙሉ በሙሉ ኦሪጅናል» የተባለውን ጋራንድ ልግዛው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አያቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረን አንድ ፎቶ ነው፤ ኤም ዋን ጋራንድ አንግተው የተነሡት። አምና ዜግነቴን ስላገኘሁ፣ እንደሳቸው ያለ አንድ ጠመንጃ ገዝቼ ማስቀመጥ ፈለግሁ። ሰሞኑን የጠመንጃ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ሰውዬ በ1943 የተሠራ ስፕሪንግፊልድ አሳየኝ። ‹ሁሉ ነገሩ ኦሪጅናል ነው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ› ብሎ 2,600 ዶላር ጠራብኝ። ሴሪያል ቁጥሩ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ምናምን ነው። በርሜሉ ላይ 52 የሚል ቁጥር አይቻለሁ። እንጨቱ የሚያብረቀርቅ፣ በጣም የሚያምር ነው። ልግዛው?»

መልስ፦

በዚህ ዋጋ አትግዛው ወንድሜ። ጠመንጃው መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም። ሰውዬው የሚያወራውና ብረቱ ላይ የተጻፈው አልተገናኙም። በ1943 የተሠራ ጠመንጃ የ1952 በርሜል ይዞ ከፋብሪካ አይወጣም። ሻጩ ወይ አያውቅም፣ ወይ አንተ እንደማታውቅ ገምቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ይህን ብዬ ባቆም ግን ልክ አይሆንም። የተቀየረው በርሜል ለአንተ ዓላማ ጉድለት ላይሆን ይችላል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጦሩ እነዚህን ጠመንጃዎች እንዴት ይይዛቸው እንደነበር ማወቅ አለብህ።

ጆን ጋራንድ ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ የተወለደ ሰው ነው። ማሳቹሴትስ በሚገኘው የመንግሥት ፋብሪካ፣ በስፕሪንግፊልድ አርመሪ፣ ዓመታት ፈጅቶ የሠራው ጠመንጃ በ1936 የአሜሪካ ጦር መደበኛ መሣሪያ ሆነ። በዚያ ዘመን የአብዛኛው አገር እግረኛ አንድ ጥይት በተኮሰ ቁጥር በእጁ ስቦ ማጉረስ ነበረበት። ጋራንድ ግን የባሩዱን ጋዝ ተጠቅሞ ቀልሃውን ራሱ ይተፋል፣ ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል። ስምንት ጥይት በአንድ የብረት ክሊፕ ታስሮ ይገባል። የመጨረሻዋ ስትተኮስ ክሊፑ ቅጭል ብሎ ወደ ላይ ይዘላል። ባዶውን ክብደቱ 4.3 ኪሎ ገደማ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠሩት ስፕሪንግፊልድና ዊንቸስተር ብቻ ናቸው። ሁለቱ አንድ ላይ 4 ሚሊዮን ገደማ አወጡ። የዊንቸስተሩ ድርሻ ከ513 ሺህ ብዙም ስለማይዘል ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። የኮሪያ ጦርነት ሲመጣ ምርቱ እንደገና ተቀሰቀሰ። ያኔ ሃሪንግተን ኤንድ ሪቻርድሰን እና የትራክተሩ ኩባንያ ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ተጨመሩ። ስፕሪንግፊልድ ማምረቱን ያቆመው በ1957 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጦርነቱ በ1945 ሲያልቅ ሚሊዮን ጠመንጃ ከየግንባሩ ተሰበሰበ። ገሚሱ የዛገ፣ ገሚሱ በርሜሉ ያለቀ፣ ገሚሱ ሰደፉ የተሰነጠቀ ነበር። እነዚህ ወደ ጦሩ የጥገና ማዕከሎች ገቡ። እዚያ እያንዳንዱ ተፈታ። በርሜሉ ከበርሜል፣ የእንጨቱ ከእንጨት ጋር ተከመረ። በመለኪያ እየተለካ የተረፈው ተረፈ፣ ያለቀው ተጣለ። ብረቱ እንደገና ፓርከራይዝ ተደረገ፤ ያ ፈዘዝ ያለ ግራጫ አረንጓዴ ቀለም ማለት ነው። ከዚያ ሠራተኛው ከየክምሩ የደረሰበትን እያነሣ ገጣጠመ። ከድግስ በኋላ የጎረቤቱ ድስትና ክዳን እንደሚቀላቀለው ሁሉ፣ የማን ክዳን የማን ድስት ላይ እንደገባ የጠየቀ የለም። ክዳኑ ከገጠመ በቃ። ዲዛይኑም የተሠራው ለዚሁ ነው፤ የዊንቸስተር ክፍል ስፕሪንግፊልድ ላይ ያለ ሞረድ ይገባል።

የጀርመን ማውዘር የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ማውዘር ላይ ሴሪያል ቁጥሩ በየክፍሉ ይመታል፤ ቁጥሮቹ መግጠም አለመግጠማቸውን አይቶ መፍረድ ይቻላል። ጋራንድ ላይ ሴሪያል ቁጥር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሪሲቨሩ (በርሜሉ የሚታሰርበት ዋናው የብረት አካል) ጀርባ ላይ፣ ከኋለኛው ማነጣጠሪያ ወረድ ብሎ። ስለዚህ «ቁጥሩ ሁሉ ይገጥማል» የሚል የጋራንድ ሻጭ ካጋጠመህ ፈገግ ብለህ እለፈው።

ሌሎቹ ክፍሎች ያላቸው የሥዕል ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ክፍሉ በየትኛው ንድፍ እንደተሠራ ይናገራል። የሚታየው ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም ካረጋገጥክ በኋላ ነው። ሻጩን አስፈቅደህ በስተቀኝ ያለውን እጀታ ወደ ኋላ ሳበውና እስኪቆለፍ ድረስ ውሰደው። አሁን የበርሜሉ ቀኝ ጎን ይገለጣል። አንተ 52ን ያየኸው እዚያ ነው። ቀጥለህ ከላይ ሆነህ ቦልቱን፣ ያን ጥይት የሚያጎርሰውን ተንሸራታች ብረት፣ ተመልከት። በጦርነቱ ዘመን የተሠራ ከሆነ በ«ዲ» ፊደል ጀምሮ ዲ28287 ይላል። ፊደሉ ቀርቶ 6528287 ካለ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው። ይህን አንድ ቁጥር ብቻ ብታውቅ ኤግዚቢሽን ላይ ከሚያወሩት ግማሹን ትበልጣለህ።

ከዚያ ያቺን የምትስባትን ረጅም ዘንግ እይ፤ ኦፕሬቲንግ ሮድ ነው የሚሏት። በጦርነቱ ጊዜ የተሠራችው እጀታዋ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀጥ ያለ ማዕዘን ነበራት። ማዕዘኑ እየተሰነጠቀ ስላስቸገረ፣ ጦሩ በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ግማሽ ክብ ጎድጓድ ቆረጠበት። የቀድሞዎቹም ለጥገና ሲገቡ ተቆረጡ። ስለዚህ ሳይቆረጥ የቀረ ዘንግ ብርቅ ነው፤ ለብቻውም ጥሩ ገንዘብ ያወጣል። ለመተኮስ ከሆነ ግን የተቆረጠው ይሻልሃል።

የኋለኛው ማነጣጠሪያም ይመሰክራል። የጦርነቱ ዘመን ጠመንጃ በቀኝ በኩል ያለው ቁልፍ ላይ የሚጠብቅ አግድም ብረት አለው፤ ሎክ ባር ይባላል። በጥገና ጊዜ ይህ ወጥቶ በአዲሱ ዓይነት ተተካ። የወጣው ስለበዛ ዛሬ ሎክ ባር ተፈላጊ ነው። ተፈላጊ ሲሆን ደግሞ አስመስለው የሚሠሩ ብልጦች አይጠፉም።

እንጨቱ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ሌላው ክፍል ተፈልጎ ይገዛል፤ ገንዘብ የሚበላው የእንጨቱ ማኅተም ነው። በ1943 ከስፕሪንግፊልድ የወጣ ሰደፍ በግራ ጎኑ የፋብሪካው ምሕጻር «ኤስ ኤ»፣ ከሥሩ የአዛዡ የስም ፊደላት፣ አጠገቡ ደግሞ የተጠላለፉ መድፎች ምልክት ይመታበት ነበር። በእጅ የሚጨበጠው የሰደፉ አንገት ላይ በክብ ውስጥ ያለ የ«ፒ» ፊደል አለ፤ በሙከራ ጥይት ተተኩሶ ማለፉን ያሳያል። ጠመንጃው ለጥገና ከገባ ሌላ ማኅተም ይጨመርበታል። ከጥገና ማዕከሎቹ ሮክ አይላንድ የራሱ፣ ኦግደን የራሱ፣ ሳን አንቶኒዮም የራሱ ፊደል አላቸው። በ1950ዎቹ ደግሞ የመከላከያ ሚኒስቴሩ የንስር ማኅተም መጣ። ስለዚህ አንድ ሰደፍ ላይ ሁለት ማኅተም ብታይ አትደንግጥ። የሄደበት መንገድ ነው የተጻፈልህ።

መደንገጥ ያለብህ ማኅተሙ ከእንጨቱ ሲያንስ ነው፤ በዕድሜ ማለቴ ነው። ሰማንያ ዓመት የተመታ፣ የተቧጨረ፣ ላብ የጠጣ እንጨት ላይ የማኅተሙ ጠርዝ ምላጭ የመሰለ ከሆነ ትናንት የተመታ ነው። ጣትህን አስኪድበት። እንጨቱ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታም ዳስሰው። ፋብሪካው እንጨቱን ከብረቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው የሚተወው። ወደ ውስጥ ከገባ፣ ማዕዘኑም ከሟሸሸ፣ አንድ ሰው በብርጭቆ ወረቀት ፍቆታል። ያንተው ሰውዬ እንጨት «የሚያብረቀርቅ» ነው ብለኸኛል። ጦሩ ቫርኒሽ አይቀባም። ዘይት ነው የሚቀባው፤ ዘይት ደግሞ ድፍን ያለ ነው እንጂ እንደ ምግብ ጠረጴዛ አያብለጨልጭም። እንግዲህ በርሜሉ ተቀይሯል፣ እንጨቱም ተፍቆ ቫርኒሽ ተቀብቷል ማለት ነው። ለ2,600 ዶላር የቀረህ ሪሲቨሩ ነው።

ጠመንጃው ሲፈታ የሚታይ አንድ ነገር ልጨምር። ከእንጨቱ ሥር በሚደበቀው የሪሲቨሩ ቀኝ እግር ላይ አንዳንዴ በኤሌክትሪክ ብዕር የተጫረ ጽሑፍ ይገኛል። የጥገና ማዕከሉ ምሕጻርና ወር ከዓመት ነው። እጅ ጽሑፍ ስለሆነ ይንጋደዳል። እኔ ይህቺን ጭረት ከማንኛውም የሚያምር ማኅተም አብልጬ እወዳታለሁ። ማንም ለገበያ ብሎ አልጻፋትም።

አሁን አያትህ ጋ እንምጣ። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በግንቦት 1951 ነው። ከአሜሪካው 7ኛ ክፍለ ጦር፣ 32ኛ ሬጅመንት ጋር ተመደበ። መሣሪያውን የታጠቀው ከአሜሪካኖቹ ነው። ያኔ ኮሪያ ላይ የነበረው ጋራንድ አብዛኛው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምርት ነው፤ ብዙውም ለጥገና ገብቶ የወጣ። አንዱ ክፍል የ1942፣ አንዱ የ1944፣ እንጨቱ ከሌላ። ከፋብሪካ እንደወጣ የቀረ፣ ማንም ያልነካው ጋራንድ ማለት በአብዛኛው ጦር ሜዳ ብዙም ያላየ ጋራንድ ነው። ስለዚህ አያትህ ይዘውት የነበረውን ዓይነት ከፈለግህ የተቀያየረው ነው ለእውነቱ የሚቀርበው። ያውም በግማሽ ዋጋ። ሰብሳቢ ጓደኞቼ ይህን ስል ይቆጡኛል፤ ይቆጡ።

አንዳንዶች ደግሞ ክፍሎቹን ከየቦታው ለቃቅመው ጠመንጃውን ወደ 1943 «ይመልሱታል»። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ደስ የሚል ትርፍ ሥራ ነው። ነውሩ ያንን በ«ኦሪጅናል» ስም መሸጡ ላይ ነው። የአያቴ ጠመንጃ ይህ ራሱ ነው የሚልህ ሰነድ ግን አትጠብቅ። ለአብዛኛው ጋራንድ፣ የትኛው ቁጥር ለየትኛው ወታደር እንደተሰጠ የሚያሳይ መዝገብ አይገኝም።

ታዲያ ከየት ትገዛለህ? ዜግነት ማግኘትህ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል። ሲቪሊያን ማርክስማንሺፕ ፕሮግራም፣ በአጭሩ ሲኤምፒ የሚሉት ድርጅት አለ። ሥሩ 1903 ላይ ነው፤ አሁን ባለው መልኩ በኮንግረስ ሕግ የቆመው በ1996 ነው። የጦሩን ትርፍ ጋራንዶች ለሕዝብ ይሸጣል። ቱርክ፣ ግሪክ፣ ዴንማርክ፣ ፊሊፒንስ በእርዳታ ሄደው የተመለሱትም በእሱ በኩል አልፈዋል። ገዢው አሜሪካዊ ዜጋ መሆን አለበት፣ ከተባባሪ ክለቦቹ የአንዱ አባልም መሆን አለበት፤ የጀርባ ማጣሪያም አለ። አላባማ አኒስተን እና ኦሃዮ ካምፕ ፔሪ ሱቅ አላቸው፤ ሄደህ በእጅህ አገላብጠህ ትመርጣለህ። ዕቃውን በደረጃ ነው የሚሸጡት። ለአንተ «ሰርቪስ» የሚሉት ደረጃ ይበቃሃል፣ ካገኘህ። «ኤክስፐርት» የሚባለው አዲስ በርሜል የገባለት ነው፤ ለተኳሽ እንጂ ለታሪክ ፈላጊ አይደለም። የበርሜሉን ማለቅ በመለኪያ ለክተው ቁጥሩን ይነግሩሃል፤ ትንሽ ቁጥር ጥሩ በርሜል ነው። ኤግዚቢሽን ላይ መለኪያ ይዞ የሚቆም ሻጭ ብዙ አታገኝም።

እዚያው ሳለሁ ከስሞች ተጠንቀቅ። የመንግሥቱ ስፕሪንግፊልድ አርመሪ በ1968 ተዘግቷል። ዛሬ በዚሁ ስም የሚሠራ የግል ኩባንያ አለ። እሱም በጊዜው ጋራንድ ሠርቶ ሸጧል፤ ሴሪያሉ ከ7 ሚሊዮን በላይ ነው። ጠመንጃ ነው፣ ይተኩሳል፤ የጦሩ ግን አይደለም። «የታንከኛ ጋራንድ» ብለው አጭሩን የሚያሳዩህም አሉ። ጦሩ እንዲህ ያለ ለታንከኛ አድሎ አያውቅም፤ ከጦርነቱ በኋላ ነጋዴ ቆርጦ የሠራው ነው። የስናይፐር ሞዴል ነው ካሉህ ያለ ሰነድ አምስት ሳንቲም አትጨምር።

አንተ ያልጠየቅኸኝ፣ እኔ ግን ብነግርህ የምወድ ሌላ መንገድ አለ። ኤም ዋን ካርባይን የሚባለውን ትንሹን ታውቀዋለህ። ከ6 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። የሠሩት ደግሞ ጂኤም በኢንላንድ ክፍሉ፣ የጽሕፈት መኪናው አንደርውድ፣ አይቢኤም፣ ሌላው ቀርቶ የሙዚቃ ሣጥን የሚሠራው ሮክ ኦላ ናቸው። ከ1953ቱ የሁለቱ አገሮች ወታደራዊ ስምምነት በኋላ አሜሪካ ለኢትዮጵያ ስትልክ ከነበረው መሣሪያ ውስጥ ካርባይን አለበት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ ካርባይኖች በአስመጪ በኩል ተመልሰው አሜሪካ ገበያ ላይ ወጥተዋል። ከነዚሁ ጋር የጣሊያን ካርካኖና ቬተርሊ፣ የቤልጅግ ማውዘርም መጥቷል። አብዛኛው ተጎድቷል። እንጨቱ ተሰንጥቆ በቆርቆሮ የተጠገነ፣ ብረቱ በዝገት የተበላ ታያለህ። በርሜሉ ላይ የአስመጪው ስም ተመቷል፤ ፈረንጅ ሰብሳቢ ይህን አይወድም። ለአንተ ግን ያ ማኅተም ጠመንጃው አገርህ ኖሮ መመለሱን ሊጠቁምህ ይችላል። ቅርሱ የአገርህም እንዲሆን ከፈለግህ እኔ በበኩሌ ይህን ነው የምመርጥልህ። ስንጥቁንና ዝገቱን አይተህ ግዛ፤ ለመተኮስ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጠመንጃ ሠሪ ይመርምረው።

ከገዛህ በኋላ ጥይቱን እንደፈለግህ አትግዛ። ጋራንድ የሚበላው 30-06 ነው፤ ሱቅ ያለው ሁሉ 30-06 ግን ለጋራንድ አይሆንም። ለአደን የሚሸጠው ከባድ እርሳስና ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ያለው ጥይት የጋዙን ግፊት ከፍ ያደርገዋል። ያቺ ዘንግ ትጎብጣለች። ሣጥኑ ላይ «ለኤም ዋን ጋራንድ» የሚል ፈልግ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ የጦር ጥይት ካገኘህ ደግሞ ብዙው ብረት የሚያዝግ ጨው የሚተው ነው። ከተኮስክ በኋላ በርሜሉንና የጋዙን ሲሊንደር በውኃ እጠበው፣ ከዚያ አድርቀህ ዘይት ቀባው። ዘይት ብቻውን ጨው አያወጣም።

አውራ ጣትህንም ጠብቅ። ክሊፑን ስትጭን ቦልቱ ድንገት ወደ ፊት ይወረወራል። የቀኝ እጅህ መዳፍ ጎን እጀታውን ወደ ኋላ ገፍቶ ይያዝ፣ አውራ ጣትህ ብቻ ክሊፑን ወደ ታች ይጫን፤ ሲገባ ጣትህን ቶሎ አውጣ። ጥፍሩ ያልጠቆረ የጋራንድ ባለቤት ጥቂት ነው።

ጋራንዱን ካገኘህ በኋላ ሱሱ ይይዝሃልና ስለ ስፕሪንግፊልድ 1903 አንድ ነገር ልበል። ቆንጆ ጠመንጃ ነው። ግን በስፕሪንግፊልድ የተሠራው ሴሪያሉ ከ800,000 በታች፣ በሮክ አይላንድ የተሠራው ከ285,507 በታች ከሆነ አትተኩሰው። የቀድሞዎቹ ሪሲቨሮች ሲጠነክሩ ሙቀቱ የሚለካው በሠራተኛው ዓይን ነበር። ከመጠን በላይ የጋለው ብረት ተሰባሪ ሆነ፤ የተበጣጠሱም አሉ። ግድግዳ ላይ ስቀለው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሁን።

ሕጉን በተመለከተ፣ ቨርጂኒያ በ2020 ከግለሰብ ስትገዛም የጀርባ ማጣሪያ የሚጠይቅ ሕግ አውጥታ ነበር። ማጣሪያውን ወደሚያደርግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሂዱ። ሻጩ «አያስፈልግም» ካለህ ጥለኸው ውጣ። ሜሪላንድም ሆነ ኒው ዮርክ የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው ቤት ስትቀይር እንደገና ጠይቅ። ሰብሳቢነቱ ከጸናብህ ከ50 ዓመት በላይ ለሆናቸው መሣሪያዎች የሚሰጥ የፌዴራል የሰብሳቢ ፈቃድ አለ፤ ለ3 ዓመት 30 ዶላር ነው። ክረምት አገር ቤት ስሄድ ለአባቴ ላሳየው የሚለውን ሐሳብ ግን ከአሁኑ እርሳው። መሣሪያ ከአሜሪካ ማውጣትም ኢትዮጵያ ማስገባትም ያለ ፈቃድ ወንጀል ነው፤ የኢትዮጵያው የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177 የወጣው ለዚሁ ነው። ለአባትህ ፎቶ ላክላቸው።

ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ጥይቱና ጠመንጃው በተለያየ ቁልፍ ይቀመጡ። ለእንጨቱ በዓመት አንዴ ጥሬ የተልባ ዘይት ይበቃዋል። በጣትህ ጠብታ አድርገህ እስኪሞቅ እሸው፣ ትርፉን ጥረገው። የጠረግህበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለህ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አትጣል፤ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።